የጭፈራን ስም የሚያወጣው ማን ነው?

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የወጣቶች ማዕከል ልጆችን ባህላዊ ጭፈራ አሠለጥናለሁ። ለዓመቱ መዝጊያ ዝግጅት ፖስተር ላይ ‹እስክስታ፣ ኦሮምኛ፣ ጉራግኛ፣ ወላይትኛ፣ ትግርኛ› ብለን ጻፍን። የአንዷ ልጅ አባት መጥተው ‹ኦሮምኛ ቋንቋ እንጂ ጭፈራ አይደለም፣ አስተካክሉት› አሉኝ። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው በዚህ ስም ነው። ሌላም አለ። ልጆቹ እስክስታን ከሂፕ ሆፕ ጋር ቀላቅለው አዲስ ሥራ ሠርተዋል። እነሱ ‹ሊፍት› ይሉታል፣ እኔ ‹ዘመናዊ እስክስታ› ብዬ ላስመዘግበው አስቤያለሁ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የጭፈራን ስምስ ማን ያወጣዋል? የሚያጸድቅ መሥሪያ ቤትስ አለ?»

መልስ፦ የጭፈራ ስም የሚያጸድቅ መሥሪያ ቤት የለም። አባትየው ትክክል ናቸው። አንቺም ስሙን ከመሬት ተነስተሽ አልፈጠርሽውም፤ ከተማው ሁሉ የሚለውን ነው የጻፍሽው። ችግሩ ያለው ከተማው ያንን ስም ያገኘበት መንገድ ላይ ነው።

አንድ ሠርግ ላይ ከባንዱ አጠገብ ቁሚና ተመልከቺ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ወደ ድምፃዊው ዞር ይልና «ጉራግኛ?» ይላል። ድምፃዊው ራሱን ይነቀንቃል። ምቱ ይቀየራል፣ እስከዚያ ትከሻውን ሲነቀንቅ የነበረው ሕዝብ ማጨብጨብ ይጀምራል፣ እግሩም ይፈጥናል። እዚያ ቦታ ላይ «ጉራግኛ» ማለት ከሙዚቀኛ ለሙዚቀኛ የሚተላለፍ የምት ትእዛዝ ነው። ዘፈኑ በጉራግኛ ስለተዘፈነ ምቱ የቋንቋውን ስም ወሰደ። ቀጥሎ በምቱ የሚጨፈረው ጭፈራም ያንኑ ስም ወረሰ። የካሴቱ ዘመን፣ የቴሌቪዥኑ ዝግጅትና የመድረክ አስተዋዋቂው «አሁን ደግሞ ወደ ወላይትኛ እንሄዳለን» እያሉ አጸኑት። ለባንድ ይህ በጣም የሚሠራ ቋንቋ ነው፣ ማንም እንዲተወው አልመክርም። ለሥልጠና፣ ለፖስተርና ለመዝገብ ግን አይበቃም።

ለምን አይበቃም? አንድ ሕዝብ አንድ ጭፈራ ብቻ ስለሌለው ነው። ኦሮሞን ውሰጂ። ሸዋ ላይ ረገዳ አለ። ሐረርጌ ላይ ወጣቶቹ ሸጎዬ ይጨፍራሉ። እዚያው ሸዋ መስከረም ሲጠባ ልጃገረዶቹ ሽኖዬ፣ ወንዶቹ ጎቤ ይላሉ። ሁሉም የየራሱ ጊዜ፣ የየራሱ አቋቋምና የየራሱ ዜማ አለው። አንቺ «ኦሮምኛ» ብለሽ ያስተማርሽው፣ ልጃገረዶቹ ፀጉራቸውን እያዞሩ የሚጨፍሩት ከሆነ፣ እሱ የሸዋው ነው። ሐረርጌ የተወለደ ወላጅ ፖስተሩን አይቶ ይመጣል፣ የሚያውቀውን አያገኝም። ስሙ ሁሉንም አቀፈ፣ መድረኩ ላይ የወጣው ግን አንዱ ብቻ ነው። አባትየውን የከነከናቸውም ይሄ ይመስለኛል።

በአብዛኛው ከውጭ የሚያይ ሰው ጭፈራን በባለቤቱ ስም ይጠራዋል። ጎረቤት «የእነ እገሌ ጭፈራ» ነው የሚለው፣ ከዚያ በላይ መለየት አያስፈልገውም። የሚጨፍረው ሰው ግን በገዛ ሠፈሩ ውስጥ ራሱን ከሌላ ሕዝብ ለመለየት አይጨነቅም። እሱ የሚለየው የሠርጉን ከበዓሉ፣ የወጣቱን ከሽማግሌው፣ ትከሻውን ከእግሩ ነው። ስለዚህ ከውስጥ የሚወጣው ስም ሌላ ነገር ይናገራል።

አንዳንዱ ስም እንቅስቃሴውን ራሱን ይናገራል። እንቅጥቅጥ ሲባል ጨፋሪው ምን እንደሚያደርግ ለመገመት ማየት አያስፈልግም። ውዝዋዜም ከመወዝወዝ ነው። ሶማሌ ክልል የሚጨፈረው ዳንቶ የግመልን አረማመድ የሚከተል ነው ይባላል፤ ረጋ ያለውን እርምጃና የአንገቱን ነገር ያየ ሰው አባባሉ ለምን እንደጸና ይገባዋል።

ሌላው ስሙን የሚያገኘው ከተያዘው ወይም ከተለበሰው ነገር ነው። የደራሼን ፊላ ያየሽ እንደሆነ፣ ወንዶቹ የተለያየ ቁመት ያላቸውን የቀርከሃ ዋሽንቶች ይነፋሉ፤ እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ በየተራው ያስገባል፣ እየነፉም ይጨፍራሉ። ፊላ የመሣሪያው ስም ነው። መሣሪያውን ከጭፈራው መለየት ስለማይቻል አንዱ ስም ለሁለቱም ሆነ። አሸንዳም እንደዚሁ ነው። ልጃገረዶቹ ወገባቸው ላይ የሚያስሩት ረጅም ለምለም ሣር ነው አሸንዳ። ከሣሩ ወደ በዓሉ፣ ከበዓሉ ወደ ጨዋታው ተሻገረ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ አሠልጣኝ የሚሳሳተው እዚህ ነው። የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ ከነሐሴ 16 ጀምሮ የሚከበረው ይህ በዓል ትግራይ ላይ አሸንዳ ነው፣ ላስታ ላይ አሸንድዬ፣ ዋግ ላይ ሻደይ፣ ራያ ቆቦ ላይ ሶለል። ከሩቅ ለሚያይ ሁሉም አንድ ናቸው፦ ልጃገረዶች፣ ከበሮ፣ ለምለም ሣር። የዋጓን ከተማ የሰቆጣን ጨዋታ ከሰቆጣ ሰው ተምረሽ «አሸንዳ» ብለሽ ከጻፍሽ ግን የሰዎቹን ስም ሰርዘሽ የጎረቤታቸውን ጻፍሽ ማለት ነው። ዜማውም ግጥሙም ይለያያል። የተማርሽበትን ቦታ ስም ነው የምትጽፊው፣ ታዋቂ የሆነውን አይደለም።

ከአዝማቹ ወይም ከጥሪው የሚወጣም አለ። ሆያ ሆዬን ሁላችንም ጨፍረነዋል። ዱላው መሬቱን ይመታል፣ አውራጁ ያወርዳል፣ ተቀባዩ «ሆ» ይላል፣ ስሙም ያ ጥሪ ራሱ ነው። የሙዚቀኞቻችን ችክችካም ከድምፅ የወጣ ስም ነው፣ እሱ ግን የምት ስም እንጂ የጭፈራ ስም አይደለም። ፖስተር ላይ «ችክችካ» ብለሽ እስክስታ እንዳታሳዪ።

እስክስታም ቢሆን ዝርዝር ይፈልጋል። ትከሻና ደረት የሚነግሥበት የጭፈራ ቤተሰብ ስም ነው። የጎጃሙ፣ የጎንደሩ፣ የወሎውና የሸዋው አንድ ዓይነት አይደለም። ልጆቹ የተማሩት የየት አገሩን እንደሆነ ካልተጻፈ ፖስተርሽ ላይ «እስክስታ» የሚለው ቃል «ኦሮምኛ» ከሚለው ብዙም አይሻልም። አማርኛ ተናጋሪ ስለሆንን ብቻ ስሙ ሙሉ ይመስለናል።

አሁን ወደ ሌላ ወጥመድ። መንደር ገብቶ «ይሄ ምን ይባላል?» ብሎ መጠየቅ ጥሩ ይመስላል። ብዙ ጊዜ የሚመለሰው ግን በዚያ ቋንቋ «ጭፈራ» የሚለው ቃል ነው። ትግራይ ሄደሽ ብትጠይቂ «ሳዕስዒት» ልትባዪ ትችያለሽ፣ ጭፈራ ማለት ነው። «ጓይላ» ብትባዪ ደግሞ ሰው ከበሮውን ከብቦ የሚጨፍርበትን ዝግጅት ጭምር ነው የሚነግሩሽ። በኦሮምኛ «ሲርባ» ዘፈኑንም ጭፈራውንም ይይዛል። በእኛው አማርኛም «ዘፈነ» ዛሬ በድምፅ ማዜም ብቻ ሆነብን እንጂ ድሮ መጨፈርንም ይጨምር ነበር፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የሄሮድያዳ ልጅ ሄሮድስ ፊት የጨፈረችው «ስትዘፍን» ተብሎ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው አጠቃላዩን ቃል እንደ ልዩ ስም መዝግቦ ይመለሳል። ከዚያ በየመድረኩ «ቀጥሎ ሲርባ የተባለውን ጭፈራ» እየተባለ ይተዋወቃል፣ ባለቤቶቹም ግራ ይገባቸዋል።

ስለዚህ የምትጠይቂው ሌላ ነው። መቼ ነው የምትጨፍሩት? ማን ይጀምረዋል? ሴቶች ይገቡበታል? ትከሻው ሲበረታ ምን ትሉታላችሁ? እግሩ ብቻ ሲሆንስ? ሠርግ ላይና በዓል ላይ አንድ ነው? እነዚህን ስትጠይቂ ስሙ ራሱ ይመጣል፣ ብዙውን ጊዜም ከአንድ በላይ ሆኖ ይመጣል።

ከአንድ በላይ መሆኑ አያስደንግጥሽ። ተቃራኒውም ያጋጥምሻል፦ አንድ ስም ለሁለት ነገር። ረገዳ የሸዋ ኦሮሞ ጭፈራ ነው አልን። በአማርኛ ግን ለቅሶም ላይ ረገዳ አለ። አስለቃሿ ሙሾ ስታወርድ ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ እግራቸውን በምት እያነሱ ይረግዳሉ። አንድ አረጋዊት ፖስተርሽ ላይ «ረገዳ» ብቻ ብታነብ በልጆች የደስታ ዝግጅት ላይ ለቅሶ የሚታይ ሊመስላት ይችላል። «የሸዋ ኦሮሞ ረገዳ» ብለሽ ስትጽፊ ግን ነገሩ ያበቃል። ሁለት ቃል መጨመር ነው።

በዚሁ አጋጣሚ ሁለት ማሳሰቢያ። የቤተ ክርስቲያን ወረብ፣ ዝማሜና ሽብሸባ በጭፈራ ዝርዝር ውስጥ አይገቡም። እንቅስቃሴ አለበት፣ ከበሮ አለበት፣ መቋሚያና ጸናጽል አለበት፤ የሚሠሩት ሊቃውንት ግን ጭፈራ አይሉትም፣ ስም ደግሞ የሚሠራው ሰው የሚለው ነው። ሲዳማ ውስጥ የሚታየው ቄጣላም ተራ የሠርግ ጨዋታ አይደለም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 ከመዘገበው ከፊቼ ጫምባላላ፣ ከዘመን መለወጫው፣ ጋር የተያያዘ ነው፣ በሽማግሌዎች የሚመራም ነው። «ሲዳምኛ» ብሎ ጽፎ ቄጣላን ከሌላ የወጣቶች ጨዋታ ጋር አዳብሎ ማሳየት ስሙንም ነገሩንም ማበላሸት ነው።

ሁለተኛው ማሳሰቢያ የአመጣጥ ተረቶችን ይመለከታል። «እስክስታ ከእባብ እንቅስቃሴ የመጣ ነው» የሚለውን አስተዋዋቂዎች ይወዱታል። አንዳንዱ ደግሞ ወፍ ነው ይላል። ደስ የሚል ወሬ ነው፣ ማስረጃ ግን የለውም። ለልጆች «እንዲህ ይባላል» ብለሽ ብትነግሪያቸው ምንም አይደለም። «እንዲህ ነው» ብለሽ ብሮሸር ላይ እንዳታትሚ፤ አንዴ ከታተመ ሌላው እየገለበጠ እውነት ያደርገዋል።

«ባህላዊው እንዲህ ከሆነ የዘመናዊው ስምስ?» ለሚለው፣ መንገዱ ያው ነው፣ የሚለየው ፍጥነቱ ብቻ ነው። ኩባ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኤንሪኬ ሆሪን የተባለ ቫዮሊኒስት የሚጽፈውን አዲስ ምት ሰዎች ሲጨፍሩበት ጫማቸው ወለሉን እየፋቀ ሦስት ጊዜ የሚያሰማውን ድምፅ ሰማ፣ ቻ ቻ ቻ ተባለ። ጨፋሪዎቹ በእግራቸው አወጡት ማለት ይቻላል። ሳልሳ ደግሞ ከገበያ ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኒው ዮርክ ውስጥ እንደ ፋኒያ ያሉ ሙዚቃ አሳታሚዎች ሶን፣ ማምቦና ሌሎችንም የካሪቢያን ሙዚቃዎች በአንድ አጭር የሚሸጥ ስም ጠቀለሏቸው። ቃሉ በስፓኒሽ ስጎ ማለት ነው። አንዳንድ የቆዩ ኩባውያን ሙዚቀኞች «ይሄ የእኛው ሶን ነው» እያሉ ሲከራከሩ ኖሩ። የእኛን «ኦሮምኛ» እና «ጉራግኛ» አስቢያቸው፤ እነሱንም ያጸናቸው ካሴትና መድረክ ነው።

ከሁሉም የሚጠቅምሽ የብሬክ ዳንስ ጉዳይ ነው። ኒው ዮርክ ብሮንክስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዲጄዎች የዘፈኑን መሃል፣ ድምፃዊው ዝም ብሎ ከበሮው ብቻ የሚቀርበትን «ብሬክ» የሚሉትን ክፍል እየደጋገሙ ያረዝሙ ነበር። በዚያ ክፍል ላይ የሚጨፍሩት ልጆች ራሳቸውን ቢ-ቦይና ቢ-ገርል አሉ፣ ጭፈራውን ብሬኪንግ አሉት። «ብሬክ ዳንስ» የሚለው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መገናኛ ብዙኃን ያስፋፉት ስም ነው። ዓለም ሁሉ በዚያ ስም አወቀው፣ ጨፋሪዎቹ ግን የራሳቸውን አልተዉም። እ.ኤ.አ. በ2024 ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ ሲገባ የተጻፈው ስም «ብሬኪንግ» ነው። አርባ ዓመት ፈጅቶም ቢሆን የባለቤቱ ስም ተመለሰ። ይመለሳል፣ የሚይዘው ሰው ካለ።

በዚህ አጋጣሚ «ዘመናዊ» እና «ኮንተምፖራሪ» የሚሉትን እንዳታምታቺ። አዲስ አበባ ውስጥ «ዘመናዊ ዳንስ» ሲባል ሂፕ ሆፑም ሳልሳውም የቪዲዮ ክሊፑም ይገባበታል። ኮንተምፖራሪ ግን የራሱ ትምህርትና ታሪክ ያለው የመድረክ ጥበብ ነው። ልጆችሽ እስክስታን ከሂፕ ሆፕ ስላዋሃዱ ብቻ ኮንተምፖራሪ አይሆንም፣ መሆንም የለበትም።

ወደ «ሊፍት» ልምጣ። ለምን «ሊፍት» እንዳሉት አልነገርሽኝም፣ ግምቴ ግን ትከሻው እርከን በእርከን ወጥቶ በአንድ ጊዜ ስለሚወርድ ነው። ልክ ከሆንኩ ይህ ስም የተወለደው እንቅጥቅጥ በተወለደበት መንገድ ነው፤ የሚሠሩት ሰዎች ልምምድ ላይ ለመግባባት አወጡት። «ዘመናዊ እስክስታ» ግን ስም አይደለም፣ ግልጋሎት የሌለው ሽፋን ነው። የየት እስክስታ? ከምን ጋር? ነገ ሌላ ቡድን ሌላ ነገር ሠርቶ ያንኑ ይለዋል። በዚያ ላይ ከጎንሽ የቆሙ አንድ የጎጃም አዛውንት «ይሄ እስክስታ አይደለም» ቢሉሽ መልስ የለሽም። «ሊፍት» ብትያቸው ግን ክርክሩ አይነሳም፣ ምክንያቱም የእሳቸውን ስም አልወሰድሽም።

ስለ ምዝገባው። ልዩነቱን ያዢ፦ የጭፈራ ዓይነት አንድ ነገር ነው፣ የተሠራ ኮሬዎግራፊ፣ ማለትም ለመድረክ የተቀናበረ የጭፈራ ድርሰት፣ ሌላ ነገር ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለመድረክ የተሠራ ኮሬዎግራፊን ከሚጠብቃቸው ሥራዎች ውስጥ ያስገባዋል፣ ሥራው ወጥ (ከሌላ ያልተቀዳ) ከሆነና ግዙፍነት አግኝቶ (ለምሳሌ በቪዲዮ ተቀርጾ) ከተቀመጠ። ስለዚህ መጀመሪያ ሥራውን ከዳር እስከ ዳር በቪዲዮ ቅረጹት፣ ቀኑንና የሠሩትን ልጆች ስም ሁሉ አስገቡ። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ጋ የምትሄዱት ያንን ይዛችሁ ነው። ሥራውን ነው የምታስመዘግቡት። «እስክስታ» የሚለውን ስም ማንም የራሱ አድርጎ ሊያስመዘግበው አይገባም፣ የትከሻውን እንቅስቃሴም እንዲሁ። ያ የሕዝብ ነው። እና ደግሞ ባለቤቶቹ ልጆቹ ናቸው፣ አንቺ ብቻሽን አይደለሽም፤ ፎርሙ ላይ የአንቺ ስም ብቻ እንዳይገባ።

የባህል ስም ለቡድን መጠሪያ ሲሆን ነገሩ ይላላል። እስራኤል ውስጥ ሃይፋ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሩት ኤሼል ከኢትዮጵያውያን አይሁድ ተማሪዎች ጋር ያቋቋመችው የዳንስ ቡድን «እስክስታ» ተባለ። የቡድን ስም ነው፣ ከየት እንደተነሱ ይናገራል። እያንዳንዱ ሥራ ግን የራሱ ርዕስ ነበረው። እናንተም የቡድናችሁን ስም እንደፈለጋችሁ አውጡ፣ ሥራችሁን ግን እንደ ቴአትር ርዕስ ስጡት።

እንግዲህ ምክሬ ይሄ ነው፣ ያለ ማመንታት የምለው። ፖስተሩን እንደገና አሳትሚው። ለእያንዳንዱ ባህላዊ ጭፈራ ባለቤቶቹ የሚሉትን ስም አስቀድሚ፣ ቦታውን ጨምሪ፣ መቼ እንደሚጨፈር በአጭሩ ጻፊ። «ረገዳ፤ የሸዋ ኦሮሞ የሠርግ ጭፈራ።» «ሻደይ፤ ዋግ፣ በነሐሴ።» የውስጡን ስም እስክታገኚ ድረስ ስም አትፍጠሪ፣ «የወላይታ ጭፈራ»፣ «የጉራጌ የመስቀል ጭፈራ» በቂና ትክክል ነው። «ጉራግኛ» የሚለውን ለኪቦርድ ተጫዋቹ ተዪለት። አዲሱን ሥራ «ሊፍት» በዪው፣ ከሥሩም «በጎጃም እስክስታና በሂፕ ሆፕ ላይ የተመሠረተ አዲስ ኮሬዎግራፊ» ብለሽ ጻፊ፤ ጎጃም ካልሆነ የሆነውን። ማን እንዳስተማራችሁም ይጻፍ።

አባትየውንም ደውይላቸው። እሳቸው የሚያውቁት ጭፈራ ምን እንደሚባል፣ የት እንደሚጨፈር፣ ልጆቹን የሚያሳይ ሰው እንደሚያውቁ ጠይቂያቸው። መምጣት የሚችል ሰው ካለ የመጀመሪያው ልምምድ ላይ ይገኝ፣ ፖስተሩም ከዚያ በኋላ ይታተም።